ፊደል የሌለው ኪቦርድ

አሶሳ ውስጥ ሳሊማ የሚባሉ ሴቶች ሞልተዋል፤ «ሳሊማ ኮምፒውተር» ግን አንዲት ናት። ስሙን ያወጣላት ሰፈሩ ነው፤ ሰፈር ደግሞ ስም ሲያወጣ ባለቤቱን አያማክርም። ከሠላሳ ዓመት በፊት ከሟች ባሏ ጋር ከካርቱም ስትመለስ፣ ሌሎቹ ተመላሾች ብርድ ልብስና ሽቶ ተሸክመው ሲወርዱ፣ እሷ በፎጣ የተጠቀለለ ግራጫ ነገር እንደ ሕፃን ታቅፋ ከጭነት መኪናው ወረደች። አንዳንዱ ሬዲዮ ነው አለ፤ አንዳንዱ የልብስ ስፌት መኪና ነው አለ። ነገሩ ኮምፒውተር ነበር። ያኔ በዐረብ አገር በየቤቱ ይገዛ የነበረ፣ ኪቦርዱና ኮምፒውተሩ አንድ አካል የሆነ፣ ከቴሌቪዥን ጋር ተያይዞ በዐረብኛ የሚጽፍ ዓይነት። ሳሊማ ካርቱም ውስጥ የአንድ ነጋዴ ጸሐፊ ነበረች፤ ሰውየው ሥራውን ዘግቶ ሲሄድ «ካንቺ ሌላ የሚያውቅበት የለም» ብሎ ትቶላት ሄደ።

ልጇ ኢቲዳል ያደገችው በዚያ ሣጥን ፊት ነው። የሰፈሩ ልጆች ማባዛት የተማሩት ከሳሊማ ቴሌቪዥን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሳሊማ ራሷ በጻፈችው ጨዋታ መልሱን ያገኘ ልጅ ስክሪኑ አረንጓዴ ይሆንለታል፤ የሳተ ቀይ ይሆንበታል። ኢቲዳል ግን ከስክሪኑ ይልቅ የእናቷን እጆች ማየት ትወድ ነበር። ሳሊማ ስትጽፍ ቁልፎቹን አታይም። ዓይኗ ልጆቹ ላይ ነው፤ ማን ማንን እንደቆነጠጠ፣ ማን ማንጎ በበላበት እጁ ቴሌቪዥኑን ሊነካ እንደሆነ ትከታተላለች፤ ጣቶቿ ደግሞ ለብቻቸው ሥራቸውን ይሠራሉ። አፏም ሥራ አይፈታም ነበር፤ እየጻፈች ትቆጣለች፣ እየጻፈች ትስቃለች።

ያ አፍ ነው የተዘጋው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ጠዋት ሳሊማ ጓሮ ውስጥ ወደቀች። ሐኪም ቤት ስትሮክ ነው ተባለ። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ ደከሙ፣ ምላሷ ተሳሰረ። እግሯ ቀስ በቀስ ተሻለውና በከዘራ መራመድ ጀመረች፤ ምላሷ ግን አልተመለሰም። ሐኪሙ፣ ወጣትና ጨዋ ሰው፣ «ትሰማለች። ምን ያህሉን እንደምትረዳ ግን እርግጠኛ ሆኜ ልነግርሽ አልችልም» አላት ኢቲዳልን። እውነቱን ነው የተናገረው፤ ኢቲዳል ግን ለዚያች «ግን» እስከ ዛሬ ይቅርታ አላደረገችለትም።

ኢቲዳል ከመናኸሪያው አለፍ ብሎ ስልክና ቴሌቪዥን መጠገኛ ሱቅ አላት። ከሱቁ ጀርባ በቀርከሃ የተከፈለችው ክፍል ደግሞ የእናትና የልጅ መኖሪያ ናት። ከሕመሙ ወዲህ እናቷን መንገዱን እንድታይ ብላ በመስኮቱ ትይዩ ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ ከአጠገቧ ሳትርቅ ትሠራለች። ያልሞከረችው ነገር የለም። እስክሪብቶ ሰጠቻት፤ ቀኝ እጇ አልታዘዝ አለ፣ ግራው መጻፍ አልለመደም፣ ወረቀቱ ዶሮ የጫረው መሰለ። ስልኳን ሰጠቻት፤ የሚንቀጠቀጠው ጣት አንድ ፊደል ሲነካ ሦስት ፊደል ይወጣል። ሳሊማ ስልኩን በልጇ ጭን ላይ መልሳ አስቀመጠችና ፊቷን አዞረች። ኢቲዳል ያን ቀን ፈራች። እናቷ እዚያው ፊቷ ተቀምጣ የምትርቃት መሰላት።

ኦመር የመጣው በዚህ መሐል ነው። ኦመር ታላቅ ወንድሟ ነው፤ መንጌ ይኖራል፣ ሰሊጥ ይነግዳል። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው እንዲሉ፣ ኢቲዳል ዝምተኛና ግትር ናት፣ ኦመር ለፍላፊና ሆደ ቡቡ ነው። እናቱን ባየ ቁጥር ዓይኑ እንባ ያቀራል። የሚለውም አንድ ነገር ነው፤ እናታችን ወደ ተወለደችበት ወደ መንጌ ትሂድ። እዚያ የእሱ ቤት አለ፤ እዚያው ግቢ ውስጥ ታናሽ እህቷ ሳና አለች።

«እዚህ ቀኑን ሙሉ የተበላሸ ስልክ ስታይ ነው የምትውለው» አላት፣ በቤታቸው ቋንቋ በበርታኛ። «እዚያ ግቢው ሙሉ ሰው ነው።»

«እዚህ እኔ አለሁ» አለች ኢቲዳል።

«አንቺማ አለሽ። ግን አንቺ ብቻ ነሽ።»

እውነት ስለነበር ከስድብ ይልቅ አንገበገባት። አግብታ ፈታለች፣ ልጅ የላትም፤ ማታ ሱቋን ዘግታ የምትገባው ወደ ሳሊማ ነው። ሳሊማ ከሄደች ወደ ማን ትገባለች? ይህን ለኦመር አልነገረችውም። ለራሷም ቢሆን በግማሽ አፏ ነው የነገረችው።

«ለምን እሷን አንጠይቃትም?» አለች።

ኦመር እናቱ ፊት በርከክ አለ። «ዩማ፣ ከእኔ ጋር መንጌ መሄድ ትፈልጊያለሽ?» ሁለቱም ልጆቿ ከሱዳን ይዘውት በመጡት ልማድ እናታቸውን ዩማ ነው የሚሏት። ሳሊማ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

ኢቲዳልም ጎንበስ አለች። «ዩማ፣ ከእኔ ጋር እዚህ መቆየት ትፈልጊያለሽ?» ሳሊማ ትክ ብላ አየቻትና ራሷን ነቀነቀች።

«ያ ረቢ» አለ ኦመር፣ ተነሥቶ ፊቱን ወደ በሩ እያዞረ። «አየሽ አይደል? ለጠየቃት ሁሉ እሺ ነው። አልገባትም።»

«ገብቷታል። የሁለታችንን ፊት አይታ እንቢ ማለት አቃታት እንጂ። ኦመር፣ ራስ በመነቅነቅ ምክንያት አይነገርም። ምክንያቷን የምትናገርበት ነገር ልፈልግላት።»

ኦመር ለሰሊጥ ሥራ እስከ ጁምዓ አሶሳ ይቆያል፤ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ግን እናቱን ይዞ ይሄዳል። ይህንኑ ነገራት። «እስከዚያ አንድ ቃል ካወጣሽላት» አለ፣ «ወላሂ የምትለውን እፈጽማለሁ። መንጌን እንቢ ካለችም አፌን ዘግቼ እመለሳለሁ።»

በማግሥቱ ኢቲዳል የደንበኛ ስልክ ከፍታ አቀርቅራ ሳለ ከጓዳ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማች። ዞር ስትል እናቷ ወንበሯ ላይ የለችም። ገብታ ብታይ ሳሊማ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ፎጣውን ገልጣ፣ ያንን አሮጌ ኮምፒውተር ጭኗ ላይ አድርጋ ትመታለች። ከምንም ጋር አልተያያዘም፤ ቴሌቪዥን የለ፣ መብራት የለ። ጣቶቿ ግን ይሄዳሉ። ግራው እንደ ድሮው ነው፤ ደካማው ቀኝ እጅም አንድ ጣቱን እየላከ ይረዳል። ኢቲዳል በሩ ላይ ቆማ አየቻት። እስክሪብቶ ስታስጨብጣት፣ ስልክ ስትሰጣት፣ ይሄ ነገር አልጋ ሥር ተቀምጦ ነበር።

ከሱቁ ባለ ሆዱን አሮጌ ቴሌቪዥን አምጥታ አያያዘችው። ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ በራ። ቁልፎቹ ግን ሞተዋል፤ ከዚያ ሁሉ መሐል የሚሠሩት አራት አምስት ቢሆኑ ነው። ብሎኑን ፈታ ስትከፍተው፣ ከቁልፎቹ ሥር ያለው መስመር የተሣለበት ስስ ፕላስቲክ እንደ ደረቀ የሙዝ ቅጠል እጇ ላይ ተፈረፈረ። ይሄ የሚጠገን አይደለም፤ መለዋወጫውም ከገበያ ከጠፋ ዘመን ሆኖታል። አንጎሉ ጤነኛ ነው፤ የሚናገርበት ነው የተበላሸው። ኢቲዳል ይህን ስታስብ ቀና ብላ እናቷን አየችና ቶሎ ወደ ሥራዋ አቀረቀረች።

ከሱቋ ትንሽ አለፍ ብሎ ታረቀኝ አለ። ወላጆቹ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ እሱ አሶሳ ተወልዶ ቢያድግም አነጋገሩ ከወሎ አልወጣም። ድሮ ኢንተርኔት ቤት ነበረው፤ ሰው ሁሉ ኢንተርኔቱን በኪሱ ይዞ መዞር ሲጀምር ዘጋውና ጫማ መሸጥ ያዘ። ኪቦርዶቹን ግን መጣል አሳዝኖት በማዳበሪያ ጆንያ አስቀምጧቸዋል።

«ታረቀኝ፣ ኪቦርድ ፈልጌ ነው» አለችው። «ክብ መሰኪያ ያለው፣ የዱሮ።»

«አይ እህትዋ፣ ቤቱን መልሰሽ ልትከፍቺልኝ ነው?» አለና ጆንያውን ዘረገፈላት። «ለማን ነው?»

«ለእናቴ። እናቴ መናገር አይችልም፤ በእጁ ይናገራል።» ኢቲዳል አማርኛ ስትናገር እናቷ ወንድ ትሆናለች፤ ታረቀኝ ለምዶታል።

«እማማ ሳሊማ?» ታረቀኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰባት ጊዜ ስምንት ሲባል እስካሁን ያስደነግጠኛል እኮ። ስንቴ ስክሪኑን ቀይ እንዳደረጉብኝ። ውሰጂ የኔ እህት፣ የሚሻለውን መርጠሽ ውሰጂ።»

የሚሻለው ያው ብዙ የሠራው ሆኖ ተገኘ። ቁልፎቹ ልስልስ ናቸው፤ ፊደሎቹን ግን የደንበኞች ጣት ጠርጎ በልቷቸዋል።

ጣጣው መግባባቱ ላይ ነበር። የታረቀኝ ኪቦርድ አንድ ቁልፍ ሲመታ በአንዲት ቀጭን ሽቦ ቁጥር ይልካል። አሮጌው ኮምፒውተር ደግሞ ይህን ቁጥር አያውቅም፤ እሱ የሚያውቀው እንደ ሰሌን የተጠላለፉ ቁምና አግድም መስመሮችን ነው። የቱ ቁም ከየቱ አግድም ጋር ተነካካ ብሎ ያያል፣ ፊደሉን ከዚያ ያገኛል። አሶሳ ገበያ ላይ በርታኛ ብቻ የሚችል ገበሬና አማርኛ ብቻ የሚችል ነጋዴ ሲገናኙ መሐላቸው ገብቶ የሚያስተረጉም ሰው አይጠፋም። ኢቲዳልም ለሁለቱ አስተርጓሚ ፈለገች። ቴክኒክና ሙያ ስትማር የተለማመደችባት፣ ፕሮግራም የሚጫንባት የክብሪት ቤት የምታህል የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ መሳቢያዋ ውስጥ ነበረች። መስመሮቹን የሚያነካካውን ቺፕ ደግሞ ከአንድ ከተጣለ የመሥሪያ ቤት ስልክ ማዞሪያ ነቀለች። ሰሌዳዋ ቁጥሩን ከአዲሱ ትሰማለች፣ ቺፑን ታዛለች፣ ቺፑ መስመሮቹን ያነካካል፤ አሮጌው ኮምፒውተርም የራሱ ቁልፍ የተመታ ይመስለዋል።

ሲወራ ቀላል ነው። ሲሠራ ግን የትኛው ቁም ከየትኛው አግድም የትኛውን ፊደል እንደሚያወጣ አንድ በአንድ በሽቦ ጫፍ እየነካኩ መፈለግ ነው። ኢቲዳል ሱቋን በግማሽ ዘግታ ትበይዳለች፣ ትነቅላለች፣ እንደገና ትበይዳለች። ሽቦ ሲያስቸግራት ሳሊማ ግራ እጇን ዘርግታ ትይዝላታለች። ለሚንቀጠቀጠው እጅ ማረፊያ እንዲሆን ጠፍጣፋ ቀርከሃ ሰንጥቃ፣ አለስልሳ፣ ከኪቦርዱ ግርጌ አሰረች። መጨረሻ ላይ ነጭ ፕላስተር በትንንሹ ቆርጣ የዐረብኛ ፊደሎቹን፣ ቁርዓን ቤት በተማረችው የእጅ ጽሕፈት፣ እየጻፈች በየቁልፉ ለጠፈች። አቀማመጣቸውን ስልኳ ላይ እንደምታውቀው አደረገችው። አሊፍ የተለጠፈበትን ስትመታ ስክሪኑ ላይ አሊፍ ወጣ፤ ባ ስትመታ ባ። ከደስታዋ ብዛት እናቷን ግንባሯን ሳመቻት።

ረቡዕ ከሰዓት ኦመርን አስጠራችው። መጥቶ ከእናቱ ጎን ቆመ፤ ቴሌቪዥኑ በርቷል፣ ኪቦርዱ ሳሊማ ጭን ላይ ነው።

«ዩማ፣ የፈለግሽውን ጻፊ» አለች ኢቲዳል።

ሳሊማ ቀና ብላ ተቀመጠች። ቁልፎቹን አላየችም፤ ዓይኗን ልጇ ላይ አድርጋ ጣቶቿን ለቀቀቻቸው። ስክሪኑ ላይ ፊደሎች ተከታትለው ወጡ። ኦመር ጠጋ ብሎ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ለማንበብ ሞከረ። ዐረብኛ አይደለም፤ በርታኛም አይደለም፤ ምንም አይደለም። ሳሊማ ጨርሳ እጇን አነሣችና መልስ እንደሚጠብቅ ሰው አየቻቸው።

«እንደገና ዩማ» አለች ኢቲዳል። ሳሊማ ሌላ መስመር ላይ እንደገና ጻፈች። ያው የማይነበብ ነገር ወጣ።

ኦመር የጥምጣሙን ጫፍ ዓይኑ ላይ አደረገ። «ኸላስ፣ በቃ እህቴ» አለ በቀስታ። «የአላህ ነገር ነው። አንቺ የሚቻለውን አድርገሻል።» «አላልኩሽም?» ቢላት ኖሮ ትጣላው ነበር፤ የሚያለቅስን ሰው ግን ምን ይሉታል። ትከሻዋን ነካ አድርጎ ወጣ።

ሳሊማ ተቆጣች። በግራ መዳፏ የወንበሩን ክንድ ደጋግማ መታች፤ ከጉሮሮዋ ድምፅ ወጣ። ኢቲዳል «እሺ ዩማ፣ እሺ» ትላታለች፤ ምኑን እሺ እንደምትላት ግን አታውቅም። ሐኪሙ ልክ ነበረ ማለት ነው። ኦመርም ልክ ነበረ። እሷ ብቻ ነች ከናፍቆቷ የተነሣ የሌለ ነገር ስታይ የከረመችው። ሁሉንም ጠቅልላ ልታስቀምጥ ቴሌቪዥኑን ለማጥፋት እጇን ላከችና እንደ ላከችው ቀረች።

ስክሪኑ ላይ ያሉት ሁለት መስመሮች አንድ ናቸው። ከላይ ያለውን ጣቷን እያስኬደች ከታችኛው ጋር አመሳከረችው። ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ልዩነት የለውም። አእምሮው የጠፋበት ሰው ሁለቴ በአንድ መንገድ አይጠፋም። እናቷ የምትለው ነገር አላት፤ የምትለውንም በደንብ ታውቀዋለች።

ሮጣ ሄዳ የሞቱትን ቁልፎች፣ ያንን የአሮጌውን ኮምፒውተር የላይኛውን ሽፋን አመጣችና ሳሊማ ጭን ላይ አስቀመጠችው። «ዩማ፣ ቅድም ያልሽውን እዚህ ላይ ድገሚልኝ። ቀስ ብለሽ።»

ሳሊማ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፤ ለማይገባው ልጅ ማባዛት ስታስረዳ የምትተነፍሰውን ዓይነት። ከዚያ አንድ በአንድ መታች። ኢቲዳል እላዩ ላይ አጎንብሳ የደበዘዙትን ፊደሎች አነበበች። አሊፍ፣ ቃፍ፣ ፋ፣ ላም፣ ያ። «ዝጊ።» ቀጥላ ደግሞ፣ «መስኮቱን።»

ኢቲዳል ዘወር ብላ አየች። የከሰዓቱ ፀሐይ በመስኮቱ ገብቶ በቀጥታ እናቷ ዓይን ውስጥ ተተክሏል። መንገዱን ትይ ብላ ያንን ወንበር እዚያ ካስቀመጠችው ጊዜ ጀምሮ፣ በየቀኑ፣ በዚሁ ሰዓት እንዲህ ነበር። ሄዳ መስኮቱን ዘጋችና እዚያው ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ለቅሶ ሆነ። ሳሊማ በተጣመመው አፏ ፈገግ አለች።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ አሁን ገባት። የድሮው ኮምፒውተር ፊደሎች የተደረደሩት በስልኳ ላይ ባለው ሥርዓት አይደለም። ኢቲዳል ፕላስተር ስትለጥፍ ያሰበችው ስለሚነበበው ፊደል ነው፤ የእናቷ ጣቶች ግን ሲያነቡ ኖረው አያውቁም፣ የሚያውቁት ቦታውን ነው። አንድ ሰው ቤትሽን ላጽዳ ብሎ ዕቃውን ሁሉ ቢያዛውርብሽ በጨለማ ገብተሽ ምኑን ታገኚዋለሽ? ለእናቷ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ተቀምጣ የሰሌዳዋን ፕሮግራም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀየረችው፤ ቁልፉ የተለጠፈበትን ፊደል ሳይሆን፣ በአሮጌው ላይ በዚያ ቦታ የነበረውን እንዲያወጣ። ፕላስተሮቹንም አንድ በአንድ ላጠቻቸው። የቀረው ምንም ያልተጻፈበት ጥቁር ኪቦርድ ነው፤ ለማንም አይሆን፣ ለሳሊማ ብቻ።

ሐሙስን ሲያወሩ ዋሉ። መቼም ሰው ከዝምታ ሲወጣ መጀመሪያ ቁም ነገር ይናገራል ብሎ ያሰበ ካለ ሳሊማን አያውቃትም። የባሚያው ወጥ ውኃ ሆኗል አለች። ፀጉርሽን ተሠሪ አለች። ያ ባለ ሞተሩ ደንበኛሽ ስልኩን ለመጠገን አይደለም የሚመላለሰው አለች። ኢቲዳል በአዝጋሚ ዐረብኛዋ ፊደል እየቆጠረች ታነባለች፣ ትስቃለች፣ ትመልሳለች። ሱቅ ሊገባ የመጣ ሰው ሁሉ «ዛሬ ዝግ ነው» ይባላል። ዋናውን ጥያቄ ግን አልጠየቀቻትም። ኦመር ባለበት ይሁን አለች። ደግሞስ ምን ያስቸኩላል፤ እንዲህ የሚያወራ ሰው መሄድ ይፈልጋል?

ኦመር ጁምዓ ከሶላት በኋላ መኪናውን በር ላይ አቁሞ ገባ። ኢቲዳል ምንም ሳትለው ስክሪኑን አሳየችው። ሳሊማ ልጇን ከላይ እስከ ታች አየችና ጻፈች። ኦመር ጮክ ብሎ አነበበ። «ሚስትህ ይህን ሸሚዝ እንዴት ለብሰህ እንድትወጣ ፈቀደች?» አንብቦ እናቱ እግር ሥር መሬት ላይ ተቀመጠና ቀሚሷን ይዞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሳሊማ ጥምጣሙን ዳበሰችው።

ሲረጋጋ ኢቲዳል ከእናቷ ጀርባ ሄዳ ቆመች። ፊቴን አይታ እንዳትመልስ ብላ ነው፤ ጨዋታው በሐቅ እንዲሆን። «ዩማ፣ ያን ቀን ሁለታችንም ጠይቀንሽ ነበር። አሁን ምክንያቱን ጨምረሽ ንገሪን። የት መኖር ትፈልጊያለሽ?»

ጣቶቹ ሄዱ። ኦመር አየ፣ ግን ቶሎ አላነበበም።

«አንብበው እንጂ» አለች ኢቲዳል።

«መንጌ» አለ፣ በዝቅተኛ ድምፅ።

ኢቲዳል መጀመሪያ ያሰበችው ሽቦዋን ነው። አንዱ መስመር ተሳስቶ ይሆናል፤ አንዱ ቁልፍ ቦታውን ስቶ ይሆናል። «እንደገና ዩማ» አለች። ሳሊማ እንደገና ጻፈች፤ አሁን ረዘም አድርጋ። ኦመር አነበበ። «መንጌ። ሳና ለሁለታችን ታወራለች።»

ኦመር ሳቅ አመለጠው። ሳና ተኝታም የምታወራ ሴት ናት። ወዲያው የእህቱን ፊት አየና ሳቁን ዋጠ።

ሳሊማ በደህናው እግሯ መሬቱን እየገፋች ወንበሯን ወደ ልጇ አዞረች። ዓይኗን እሷ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ ጻፈች። ኦመር ቀስ እያለ አነበበላት። «ልጄ፣ አንቺ ቀኑን ሙሉ አፌን ታይኛለሽ። ዛሬ ይናገር ይሆን ብለሽ። ባየሽኝ ቁጥር አፌ ያፍራል። ሳና አታየኝም። እሷ ታወራለች፣ እኔ እሰማለሁ፣ ይበቃናል።»

ኦመር አንብቦ ሲጨርስ እንኳን የኢቲዳል ዓይን የነበረው እናቷ አፍ ላይ ነው። ያንን ስታውቅ ፊቷ ጋለ። አለመናገሯን እንደ ጥፋት ቆጥራባት አታውቅም፤ ስትጠብቃት ብቻ ነበር። መጠበቋ በእናቷ ላይ እንዲህ ከብዶ ነበር።

«እኔስ ዩማ?» አለች። ይህን ለማንም ብላው አታውቅም። «ማታ ሱቅ ስዘጋ ወደ ማን ልግባ?»

የሳሊማ እጅ ቀርከሃው ላይ እንዳረፈ ቆየ። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ አልጠረገችውም። ኢቲዳል ጎንበስ ብላ እናቷን አቀፈቻት፤ ሳሊማም በግራ እጇ አንገቷን አጥብቃ ያዘች።

ሲላቀቁ ኢቲዳል አፍንጫዋን ጠርጋ ወደ ገመዶቹ ሄደች። ቢያንስ ይህን አዘጋጅታ ልትልክ ነው፤ ሰሌዳዋን፣ ቺፑን፣ ኪቦርዱን፣ ቴሌቪዥኑንም ጭምር። የመጀመሪያውን ሽቦ ልትነቅል ስትል ሳሊማ የእጅ አንጓዋን ያዘቻት። ለቀቀቻትና ጻፈች።

«ይሄ እዚህ ይቆይ» አነበበ ኦመር።

«ለምን? መንጌስ በምን ትናገራለች?» አለች ኢቲዳል።

ሳሊማ ራሷን በእንቢታ ወዘወዘች። ለኦመር ጥያቄና ለኢቲዳል ጥያቄ እኩል እሺ ስትል የሰነበተችው ሴት፣ ያን ቀን የመጀመሪያዋን እንቢ አለች። ከዚያ ጻፈች፤ ኦመር ሊያነብ ሲል በእጇ አስቆመችው። ይህን ኢቲዳል ራሷ ታንብበው ማለቷ ነው።

ኢቲዳል ፊደል በፊደል አነበበችው። «ወሬዬ ላንቺ ነው። እመጣለሁ። አሁን ተቀመጪ፣ የሐሙሱን አልጨረስንም።»

ኦመር ዕቃ ሊጭን ወጣ። ኢቲዳል በርጩማ ስባ ከእናቷ ጎን ተቀመጠች። አፏን ላለማየት ብላ እጆቿን አየች። «እሺ፣ ባለ ሞተሩ ምን ሆነ አልሽኝ?» አለቻት። ሳሊማ ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ ዘረጋች። ውጭ ኦመር ጥሩንባ ነፋ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ነፋ፤ ሁለቱም አልተነሡም።